ሕመሙን ማን ይናገር? ካንሰር የጸናበት ወላጅና የማስታገሻ ሕክምና

«እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል ሐኪሙ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ልጄ» ይላሉ እናት። አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠችው አስታማሚ ልጃቸው ሌሊቱን እንዴት እንዳነጉት ታውቃለች። ነገር ግን እናቷ ደኅና ነኝ እያሉ እሷ «አይ፣ ሲያቃስቱ ነው ያደሩት» ማለት ነውር ይመስላትና ዝም ትላለች። ሐኪሙ ካርዱ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ወደ ቀጣዩ አልጋ ያልፋል። የታዘዘውም ያው የትናንቱ ዳይክሎፌናክ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ሆስፒታል ሰው ያስታመመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

የተሰራጨና የመዳን ተስፋው የመነመነ ካንሰር ያለበትን ወላጅ ሕመም ማስታገስ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ሕክምናው መልስ ከሰጠ ቆይቷል። አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ ዋናው መድኃኒትም ርካሽ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ወላጅ ጥርሱን ነክሶ የሚያልፈው ለምንድን ነው? የመድኃኒት እጥረት አለ፣ የባለሙያ እጥረት አለ፣ የገንዘብ እጥረት አለ። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን። እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የማነሣው ዝምታን ነው። ወላጅ ሕመሙን ከልጁ ይደብቃል፣ ልጅ በሽታውን ከወላጁ ይደብቃል፣ ሐኪሙ ሁለቱንም ላለማስከፋት መሐል ላይ ይቆማል። የስኳር በሽተኛን መድኃኒት በደም ምርመራ መመጠን ይቻላል። የሕመም ማስታገሻ መጠን ግን የሚወጣውና የሚወርደው በዋናነት ታማሚው በሚናገረው ቃል ነው። ስለዚህ ዝም በተባለበት ቤት መድኃኒቱ ጠርሙስ ሙሉ ቢቀመጥም ሥራውን አይሠራም።

የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች ሰብስቦ ያጤነ እ.ኤ.አ. የ2016 ግምገማ፣ ካንሰራቸው ከተሰራጨ ወይም ከጸና ታማሚዎች መካከል 66 ከመቶ ያህሉ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። አንድ ሦስተኛው የለባቸውም ማለት ነው። ካንሰር ሁሉ ያሳምማል የሚለው ፍርሃት ልክ አይደለም፤ ካንሰር ከሆነ ማመሙ የግድ ነው ተብሎ መተዉ ደግሞ ከዚያ የባሰ ስሕተት ነው።

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ማስታገሻ ሕክምና መነሻው ለንደን ነው። በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥላ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም የሆነችው ሲሲሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ፣ ማለትም በሽታው ለጸናባቸው ማስታገሻ የሚሰጥበትን ቤት፣ ከፈተች። የሷ ትልቁ ትምህርት በጣም ቀላል ነበር፦ ሕመሙ እስኪመለስ አትጠብቁ። በዚያ ዘመን ሞርፊን የሚሰጠው ታማሚው ሲጮኽ ነበር። ሲጮኽ ይወጋል፣ ያንቀላፋል፣ ይነቃል፣ ዳግም ይጮኻል። እሷ በአፍ የሚወሰደውን በየተወሰነ ሰዓት ስትሰጥ ታማሚዎቿ ሳይደነዝዙ ከሕመሙ ዐረፉ። የታማሚ ስቃይ የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ የልጆቹ ዕጣ፣ ያልተከፈለው ዕዳ፣ ከፈጣሪው ጋር ያለው ጉዳይ ሁሉ ተደማምሮ እንደሚያመውም አስተማረች። ይኼ ሁለተኛው ትምህርቷ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የጎደለን የመጀመሪያው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ልምድ በሦስት ደረጃ መሰላል መልክ አወጣው። ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞልና እንደ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ያሉት፤ ለመካከለኛው ኮዴይን ወይም ትራማዶል፤ ለከባዱ ሞርፊን። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ መሰላሉ ለማስተማሪያነት ይጠቅማል እንጂ ለእያንዳንዱ ታማሚ የሚበጀውን ለይቶ የማቀድን ቦታ አይተካም ብሏል። ሕመሙ ከመጀመሪያውም ከባድ የሆነበት ሰው ታችኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ተራ መጠበቅ የለበትም። እኛ ዘንድ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ታማሚው ለወራት ዳይክሎፌናክ መርፌና ትራማዶል ላይ ይቆያል። ዳይክሎፌናክ ሲበዛና ሲረዝም ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ትራማዶል በቀን ከ400 ሚሊግራም በላይ አይሄድም፤ ከዚያ በኋላ ቢጨመር የሚከተለው ጉዳት እንጂ ዕረፍት አይደለም። ሞርፊን ግን እንዲህ ያለ ወሰን የተሰመረለት መድኃኒት አይደለም። ሐኪሙ እያየ፣ ቀስ በቀስ፣ ሕመሙ እስኪታገስ ድረስ ይጨምረዋል።

በቤት ውስጥ አሠጣጡ ምን ይመስላል? ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ5 ሚሊግራም ነው፤ ለደከሙ አረጋውያን በ2.5። ፈጥኖ የሚሠራው ፈሳሽ ወይም ክኒን ኃይሉ አራት ሰዓት ያህል ስለሚቆይ በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፦ ጠዋት በ12፣ በ4፣ በ8፣ ማታ በ12 እና በ4 ሰዓት። የማታ 4 ሰዓቱን እጥፍ አድርጎ መስጠት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ታማሚውም አስታማሚውም ሌሊት ሳይነሡ ያድራሉ። በመሐል ሕመሙ ድንገት ከጠና ሐኪሙ ያዘዘው ተጨማሪ መጠን አለ፤ እሱ ሲሰጥ የሚቀጥለው መደበኛ ሰዓት አይዘለልም። ፈሳሹ የሚለካው መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ነው እንጂ በሻይ ማንኪያ በግምት አይደለም። ሁለት ዓይነት ጥንካሬ ያለው ፈሳሽ በሚዘጋጅበት አገር አንዱ ከሌላው አሥር እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ አዲስ ጠርሙስ በመጣ ቁጥር ምልክቱን ማንበብ ግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጎን አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይቀመጥ። ሰዓት፣ የሕመም መጠን፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ሆድ ሄዷል ወይስ አልሄደም። አራት ዐምድ ይበቃል። የሕመሙ መጠን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይጠየቃል ይባላል፤ ፊደል ላልቆጠሩ እናቶች ግን እጅ ይሻላል። የተጨበጠ ቡጢ ሕመም የለም ነው፣ አምስቱም ጣት ሲዘረጋ የማይቻል ሕመም ነው። «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ተመስገን» የሚሉ እናት «ስንት ጣት ነው?» ሲባሉ ግን አራት ጣት ያነሣሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰላምታ ስለሆነ መልሱም ሰላምታ ነው፤ ፈጣሪን ማማረር የሚመስል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። ሁለተኛው ማንንም አያማም። መናገር ላቃታቸው ደግሞ ፊት መኮማተር፣ ሲገላበጡ እጅ መጨበጥ፣ ምግብ መግፋት፣ ዝም ብሎ ግድግዳ ማየት ምልክት ነው። ሐኪሙ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ልጅ እናቷን ማስተባበል አይጠበቅባትም። ደብተሩን ማቀበል ነው።

ስለ ሞርፊን የሚነሡት ፍርሃቶች ሦስት ናቸው። «ሱስ ያስይዛል» የመጀመሪያው ነው። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ እውነት ነው፤ በድንገት ቢቆም ያስቸግራልና ሲቀነስም በደረጃ ነው። ሱስ ግን ጉዳት እያዩ ለስካሩ ሲሉ መፈለግ ነው፤ ይኼ ለካንሰር ሕመም በክትትል በሚወስዱት ላይ የተለመደ አይደለም። የቀረው ዕድሜ በወራት ለሚቆጠር አባት ስለ ሱስ ሲታሰብ እየታመመ ያለው ዛሬ መሆኑ ይረሳል። ሁለተኛው «ይገድላል፣ ትንፋሽ ያቆማል» የሚለው ነው። ከመጠን ካለፈ አዎ። በትንሹ ተጀምሮ በሕመሙ ልክ ሲጨመር ግን እንቅልፍ ከትንፋሽ መድከም ቀድሞ ስለሚመጣ፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር እንቅልፍ ሲታይ ቀጣዩን መጠን ሳይሰጡ ሐኪሙ ጋ መደወል ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚመጣው መለስተኛ ማንቀላፋትና ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይተዋል። ሦስተኛው ፍርሃት ከሁለቱም ይጠልቃል፦ «ሞርፊን ታዘዘ ማለት አለቀ ማለት ነው»። ይኼ የመጣው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከመዘግየታችን ነው። ሁልጊዜ በመጨረሻው ሳምንት ብቻ የሚታይ መድኃኒት የመጨረሻው ሳምንት ምልክት መስሎ መታየቱ አይቀርም።

እውነተኛው ችግር የሚፈራው ሳይሆን ማንም የማይፈራው ነው፦ የሆድ ድርቀት። ሌላው የጎንዮሽ ጉዳት ሲለመድ ይኼ አይለመድም። ሞርፊን በታዘዘበት ወረቀት ላይ እንደ ቢሳኮዲል ያለ ማለስለሻ አብሮ ካልታዘዘ ወዲያው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳምንት ሙሉ ሆዱ ያልሄደ ታማሚ መድኃኒቱን ራሱ «ከዚህስ ሕመሙ ይሻለኛል» ብሎ ይተወዋል። ሌላ አንድ ጥንቃቄ ለማኅፀን በር ካንሰር ታማሚዎች አለ። እብጠቱ የሽንት ቱቦዎችን ሲዘጋ ኩላሊት ይደክማል፤ ኩላሊት ሲደክም ሞርፊን በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። የሽንት መቀነስ፣ የጡንቻ መንዘር ወይም መቃዠት ከታየ መጠኑ እንዲቀንስ፣ ሰዓቱም እንዲራራቅ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ለእንዲህ ያለች እናት ዳይክሎፌናክ መርፌ መጨመር ኩላሊቷ ላይ ሌላ ጉዳት መጨመር ነው። የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ግንባር ቀደም በመሆናቸው ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም።

መድኃኒቱ ራሱስ የት ነው? ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚከፋፈለው ወደ 299 ቶን የሚጠጋ ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ እንደሆነ አስልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ማስታገሻ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው ይላል። የዚህ ምክንያቱ ዋጋ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን በመግቢያው ላይ ያስቀምጣል፤ በተግባር ግን አገሮች አጥብቀው የያዙት የቁጥጥሩን ክፍል ነው። እያንዳንዱ አገር በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ስምምነቱን ለሚከታተለው ዓለም አቀፍ ቦርድ ያሳውቃል። ግምቱ ባለፈው ዓመት ፍጆታ ላይ ሲመሠረት፣ ዘንድሮ ያልታዘዘ ሞርፊን የሚመጣውን ዓመት ግምት ዝቅ ያደርጋል። «ደኅና ነኝ» ያሉት እናት ዝምታ እዚህም ድረስ ይደርሳል።

በዚህ ረገድ ልንቀናባት የሚገባን አገር ሩቅ አይደለችም። ኡጋንዳ ውስጥ ሐኪሟ አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካን ስትመሠርት ሞርፊኑ ከዱቄት ተነሥቶ በውኃ ይበጠበጥ ነበር፤ ደካማውና ጠንካራው እንዳይምታታ በቀለም ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ አገሪቱ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቀደች። ሐኪም በሌለበት ገጠር ለሚታመም ሰው ትርጉም ያለው ይኼኛው ርምጃ ነው።

ኢትዮጵያም ባዶ እጇን አይደለችም። አንዲት ነርስ እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረተችው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ቤት ለቤት እየሄደ ታማሚ ይጎበኛል። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል፤ በዚያው ዓመት የተጀመረው የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድም ይህን ሕክምና ያካትታል። በሆስፒታሎች የሕመም መጠን ከሙቀትና ከደም ግፊት እኩል በካርድ ላይ እንዲመዘገብ ሥልጠና ተሰጥቷል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ወረቀቱ ያልደረሰበት ግን ብዙ ነው። ሞርፊን የሚታዘዘው በተለየ ማዘዣ ሲሆን በየመንደሩ መድኃኒት ቤት አይገኝም። ከክልል አዲስ አበባ ለኬሞ የመጣ አባት ወደ አገሩ ሲመለስ ማስታገሻው የሚቋረጥበት ዋና ምክንያት ይኼ ነው። ስለዚህ ከትልቁ ሆስፒታል ከመውጣት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ይህ መድኃኒት ከቤታችን በቅርብ የት ይገኛል፣ ማንስ ያድስልናል? ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚጠይቀው ጠርሙሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁሉም ሕመም በሞርፊን ብቻ አይመለስም። እንደ እሳት የሚያቃጥል፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚሮጥ ሕመም ብዙ ጊዜ የነርቭ ነው፤ ለሱ በማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ይጨመራል። የጉበት መወጠርና የጭንቅላት ውስጥ እብጠት በዴክሳሜታዞን ይረግባል። ወደ አጥንት ለተሰራጨ ካንሰር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ ጨረር በብዙ ቀን ተከፋፍሎ የሚሰጠውን ያህል ሕመም እንደሚያስታግስ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ይኼ ወረፋ ለበዛበት አገር ትልቅ ነገር ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል። አንድ ምልክት ግን ወረፋ አይጠብቅም። ካንሰር ያለበት ሰው የጀርባ ሕመሙ ብሶ እግሩ ከዛለ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው እብጠቱ ኅብለ ሰረሰሩን እየተጫነ ሊሆን ይችላልና ያኑ ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ከዘገየ መራመድ ላይመለስ ይችላል።

ስለ ቁስል ማውራት ደስ አይልም፤ ግን መወራት አለበት። ቆዳ ሰብሮ የወጣ የጡት ካንሰር ሽታ እናትን ከሕመሙ በላይ ያዋርዳታል። ጎረቤት ሲመጣ ጓዳ ትገባለች፣ የልጅ ልጅ አታቅፍም። ቁስሉን በፈላና በቀዘቀዘ ጨው ውኃ አጥቦ፣ የሜትሮኒዳዞል ክኒን አድቅቆ ነስንሶ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ሽታውን በጥቂት ቀናት ይቀንሰዋል። ክኒኑ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ፣ ርካሽ ነው። ዕጣን ከማጨስ ይልቅ ይህን አንድ ነርስ ብታሳየን ኖሮ የሚሉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

ምግብ ደግሞ የየቤቱ ጦርነት ነው። እኛ ዘንድ ፍቅር በጉርሻ ስለሚገለጥ፣ አልበላ ያለ አባት ልጆቹን የገፋ ያህል ያማቸዋል። አጥሚቱ፣ ሾርባው፣ ጥሬ ሥጋው፣ ማሩ ይደረደራል፤ «በሞቴ» ይባላል፤ እሳቸውም ለልጅ ሲሉ ይውጡና ያስመልሳሉ። የጸና ካንሰር ሰውነት ምግብን የሚጠቀምበትን መንገድ ስለሚለውጥ፣ ታማሚው የሚከሳው ስላልበላ ብቻ አይደለም። አስገድዶ ማብላት አያወፍረውም። ትንሽ ትንሽ፣ የፈለገውን፣ በፈለገው ሰዓት መስጠት ይበቃል። ቀጥሎ የሚመጣው «ግሉኮስ ይሰካላቸው» ነው። ግሉኮስ የሚባለው በአብዛኛው ጥቂት ስኳር ያለበት ውኃ ነው፤ ምግብ አይተካም፤ በመጨረሻው ሰሞን ሲበዛ እግር ያሳብጣል፣ ሳምባ ውስጥ ውኃ ያበዛል። የግል ክሊኒኮች ቤተሰቡን ለማጽናናት መሰካታቸው አይደንቅም። የደረቀ አፍ ግን በእርጥብ ጥጥ ቢታሻሽ ከግሉኮሱ ከረጢት ይልቅ ያሳርፋል።

ወደ ዝምታው እንመለስ። የምርመራው ውጤት የሚነገረው ለታላቅ ወንድም፣ ኮሪደር ላይ ነው። ከዚያ ቤተሰቡ ይመካከርና «እንዳይሰሙ» ይወሰናል። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ ክፉ ወሬ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ ተዘጋጅቶ በሚነገርበት አገር፣ ሞትን ገና በሕይወት ላለ ሰው ፊት ለፊት መንገር ጭካኔ ይመስላል። እኔም ሁሉም ታማሚ ሁሉንም ይወቅ አልልም። ማወቅ የማይፈልግ አለ፤ መብቱ ነው። ግን ማን ጠየቀው? «አባባ፣ ስለ በሽታዎ ሐኪሙ የሚለውን ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ ይንገረው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያፈርስም። ብዙዎቹ እንደሚያውቁ፣ ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ዝም እንዳሉ ያኔ ይወጣል። ባልተጠየቀበት ቤት ግን መደበቁ ሰንሰለት ይፈጥራል። ካንሰር መሆኑ እንዳይታወቅ ሞርፊን አይሰጥም፣ ጨረር ክፍል አይኬድም፣ የማስታገሻ ነርስ በር አታንኳኳም። ምስጢሩን የሚጠብቁት ልጆች ናቸው፤ የምስጢሩን ዋጋ በየሌሊቱ የሚከፍሉት አባት።

በዚህ ላይ «ማስታገሻ ማለት ተስፋ መቁረጥ ነው» የሚለው አለ። ቦስተን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት 151 የተሰራጨ የሳምባ ካንሰር ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ማስታገሻ ክትትል ከመደበኛው ሕክምና ጋር ከመጀመሪያው የተጨመረላቸው የተሻለ ኑሮ ኖሩ፣ የድባቴ ምልክት የታየባቸውም ያነሱ ነበሩ። ያልተጠበቀው ደግሞ አማካይ ዕድሜያቸው 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር መሆኑ ነው። የአንድ ጥናት ውጤት በሁሉም ካንሰር ላይ አይሠራም፤ ሕመምን ማስታገስ ዕድሜ ያሳጥራል የሚለውን ግን ያፈርሳል።

ጸበልን በተመለከተ ጠቡ ከጸበሉ ጋር አይደለም። ጠቡ መድኃኒት አቁመህ ግባ ከሚለው ምክር ጋር ነው። በኤችአይቪ ዘመን ይኼው ጥያቄ ሲነሣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ለሞርፊንም መንገዱ ያው ነው። ጸበል ቦታ የሚሄድ ታማሚ ሲሪንጁንና ጠርሙሱን ይዞ ይሂድ፤ በድንገት ያቆመ ሰው ሕመሙ እጥፍ ሆኖ ይመለስበታል። ሕመም የኃጢአት ማስተሰረያ ነው፣ ልቻለው የሚል ምእመን፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ በየሆስፒታሉ አለ። ይህን ሐኪም ቢከራከረው ዋጋ የለውም። የንስሐ አባት ወይም የሚያምኑት ሼኽ «መድኃኒቱም ከፈጣሪ ነው፣ ይውሰዱ» ሲሉ ግን ጉዳዩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። የማስታገሻ ሕክምና ቡድን ውስጥ የሃይማኖት አባት ቦታ አለው ሲባል ለጌጥ አይደለም።

ገንዘቡ ላይ አጭር ልሁን፤ ሁሉም ያውቀዋልና። ቤተሰብ የሚደኸየው በሞርፊን ሳይሆን በማያድን ሕክምና፣ በትራንስፖርትና ሥራ ባቆመው ሰው ገቢ ነው። ሥራ የምታቆመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያላገባችው ሴት ልጅ ናት። ወንድሞች ብር ያዋጣሉ፣ እሷ ሌሊቱን ታዋጣለች፤ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ አንሶላ ማጠብ፣ ሰዓት መቁጠር። እሷን በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚተካ ሰው ማግኘት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። ዕድራችን ለድንኳኑና ለንፍሮው ያለው ብቃት ያስቀናል፤ የሚነቃነቀው ግን ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ጥቂት ዕድሮች በኤችአይቪ ጊዜ ታማሚ በቤቱ መርዳት ጀምረው ነበር። ያ ልምድ ለካንሰር የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ባሕር ማዶ ያሉትም የራሳቸው ፈተና አላቸው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ደርሶ የመጣ ልጅ፣ ለወራት በሌለበት የተወሰነውን ሁሉ ገልብጦ «ሕንድ ወይም ባንኮክ እንውሰዳቸው» ይላል። ናፍቆትና ጸጸት የሚያናግረው ነውና መቆጣቱ አይጠቅምም፤ ሐኪሙ ፊት ማስቀመጥ ይሻላል። በሻንጣ የሚመጣ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ፣ ኦክሲኮዶን ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፌንታኒል፣ ደግሞ ከሕግ ችግሩ በላይ አደገኛ ነው። ፌንታኒሉ እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስዶ ለማያውቅ ሰው አይሆንም፤ ሙቀት ሲነካውም ወደ ሰውነት የሚገባው ይጨምራል። ወላጆቻቸው አሜሪካ የሚታመሙባቸው ደግሞ ሆስፒስ ሲባል ሆስፒታሉ ሊያባርራቸው ይመስላቸዋል። ሜዲኬር በተባለው የመንግሥት የጤና መድን የሚሸፈነው ሆስፒስ፣ በሽታው በተለመደው መንገዱ ከሄደ የቀረው ዕድሜ ስድስት ወር ወይም ያነሰ ነው ተብሎ ሲረጋገጥ፣ ነርስ፣ አልጋና መድኃኒት እቤት ድረስ የሚመጣበት አገልግሎት ነው። እዚያም ዝምታው አይቀርም። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም «ካንሰር» የሚለውን ይዘላል፤ እናት «ሌሊቱን አልተኛሁም» ስትል «ደኅና ናት» ብሎ ያሳጥራል። በፌዴራል ገንዘብ የሚሠሩ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ መጠየቅ ነው።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ምን እንደሚመስሉ ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢሰማ አይደናገጥም። ታማሚው አብዛኛውን ቀን ይተኛል፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ሽንት ያንሳል። ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ጉሮሮ ውስጥ የተጠራቀመው ምራቅ ያንኮራፋል። ድምፁ ለሰሚው እንጂ ለታማሚው ስቃይ አይደለም፤ በጎን ማስተኛት ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። መዋጥ ሲያቅት ሞርፊኑ አይቋረጥም። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ባሳዩት መሠረት ጥቂት ፈሳሽ ጉንጭ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ወይም ከቆዳ ሥር በትንሽ መርፌ ይሰጣል። ራሱን የሳተ ሰውም ሊያመው ስለሚችል ግንባሩ መኮማተር አለመኮማተሩን ማየት ነው።

ከሐዘኑ በኋላ አንዳንድ ልጆችን ለዓመታት የሚከተል ጥያቄ አለ፦ የመጨረሻዋን መድኃኒት የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የገደልኳቸው? ከብዙ ቀን ጀምሮ በክትትል በየአራት ሰዓቱ ሲሰጥ የነበረ መጠን አንድ ቀን ላይ በድንገት ገዳይ መሆኑ የተለመደ አይደለም። የታመመ ሰው ሊሞት ሲል የሚሰጠው ማንኛውም ነገር፣ መድኃኒትም ይሁን ውኃ፣ የሆነ ጊዜ ላይ የመጨረሻው መሆኑ አይቀርም። ይህን ልጅቷ ለቅሶ ላይ ከሰው አፍ ከምትሰማው ይልቅ ጠርሙሱ በተሰጣት ዕለት ነርሷ ብትነግራት ይሻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።